ተንግስተን፦ ብረት ቤታችን ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ብረት ቤት አለችኝ። በርና መስኮት እንሠራለን፤ የደረጃ ስቴንለስ በአርጎን እንበይዳለን። ልምምድ የሚመጡ ልጆችም አይጠፉም። ደንበኛውም ተለማማጁም ስለ ተንግስተን የሚጠይቀኝ ተመሳሳይ ነገር ነው። በየቀኑ ከምደግመው አንድ ቦታ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ይህን ብረት ከልቤ እወደዋለሁ፤ አንዳንዱ መልስ ቢረዝም ለዚያ ነው።

ተንግስተን ብረት ነው ወይስ ሌላ ነገር?

በአማርኛ ጠንካራውን ሁሉ «ብረት» ስለምንል ጥያቄው ትክክል ነው። ተንግስተን እንደ ወርቅና እንደ መዳብ ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር ነው። ከምናውቀው ጥቁር ብረት የተሠራ አይደለም። የአቶም ቁጥሩ 74 ነው። ቀለሙ ግራጫ ሆኖ ወደ ነጭ ያደላል።

ስሙ የስዊድን ነው፤ «ከባድ ድንጋይ» ማለት ነው። ልጆች ግን የኬሚስትሪ ሠንጠረዥ ላይ ሲፈልጉት ያጡታል፤ ምክንያቱም ምልክቱ ደብልዩ ነው። ይህ «ቮልፍራም» ከሚለው የጀርመን ስሙ የመጣ ነው። ድሮ ቆርቆሮ (የጣሪያው ሳይሆን ቲን የሚባለውን ብረት) የሚያቀልጡ የጀርመን ሠራተኞች ይህ ማዕድን ከተቀላቀለባቸው ምርታቸው ይቀንስ ነበር። ተኩላ በግ እንደሚበላ ቆርቆሯችንን በላው ብለው የተኩላ ስም አወጡለት።

በ1781 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሼለ የሚባል የስዊድን ኬሚስት ከድንጋዩ ውስጥ አዲስ አሲድ አገኘ። ብረቱን ራሱን ለይተው ያወጡት ግን የኤልሁያር ወንድማማቾች ናቸው፤ በ1783፣ ስፔን ውስጥ።

ይከብዳል ሲባል ምን ያህል ነው?

የአንድ ሊትር ሃይላንድ አስቡ። ውሃ ሲሞላ አንድ ኪሎ ነው። በብረት ቢሞላ 8 ኪሎ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። በእርሳስ 11 ኪሎ ያልፋል። በተንግስተን ከሞላ 19 ኪሎ ከሩብ ይመዝናል። የአምስት ሊትር ጀሪካን ቢሆን ደግሞ 96 ኪሎ! ኩንታል ሊሞላ 4 ኪሎ ብቻ ነው የሚጎድለው።

አዲስ ተለማማጅ ሲመጣ ሁሌም የማደርገው አንድ ነገር አለ። በአንድ እጁ በአርጎን ስንበይድ እሳቱ ከጫፉ የሚነሳበትን የተንግስተን ዘንግ፣ በሌላው እኩል ቁመትና ውፍረት ያለው የብረት ሽቦ አስይዘዋለሁ። ባለ 2.4 ሚሊሜትር ዘንግ፣ ቁመቱ 17 ሴንቲ ተኩል፣ 15 ግራም ግድም ነው። የብረቱ 6 ግራም ብቻ ነው። ዓይኑን ጨፍኖም ይለየዋል።

በስንት ዲግሪ ነው የሚቀልጠው?

በ3,422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ከብረቶች ሁሉ የመጨረሻው እሱ ነው። አሉሚኒየም በ660፣ ወርቅ በ1,064፣ መዳብ በ1,085፣ ብረት በ1,538 ይቀልጣሉ። ጎረቤታችን አፋር ውስጥ ኤርታሌ ላይ የሚንተከተከው ቅላጭ እንኳ 1,200 ዲግሪ ግድም ነው። ተንግስተን እዚያ ቢወድቅ ይሰጥማል እንጂ አይቀልጥም።

ታዲያ ካልቀለጠ እንዴት ይሠሩታል?

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። እንደ ብረት አቅልጦ ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ አስቸጋሪ ነው፤ መያዣው ራሱ ቀድሞ ይቀልጣላ። ስለዚህ በዱቄት ይሠራል።

ማዕድኑ መጀመሪያ ተጣርቶ ቢጫ ዱቄት ይሆናል፤ ይህ የተንግስተን ኦክሳይድ ነው። ዱቄቱ በጋለ ምድጃ ውስጥ ሃይድሮጅን ሲያልፍበት ኦክስጅኑ ተነጥቆ ይሄዳል። የሚቀረው ግራጫ የተንግስተን ዱቄት ነው። ያ ዱቄት በከፍተኛ ኃይል ይጨመቃል። የበሶ ጭብጦ ስትሠሩ ዱቄቱ ሳይበስል ተያይዞ ይቆም የለ? ልክ እንደሱ ነው። ግን ጭብጦውን በጣት ከነኩት ይፈርሳል። ስለዚህ ሳይቀልጥ፣ ከማቅለጫው ሙቀት በታች እየጋለ ይቆያል። ቅንጣቶቹ ጠርዝ ለጠርዝ ይጣበቃሉ። ከዚያ በኋላ በጋለበት እየተቀጠቀጠና እየተሳበ ዘንግ ወይም ሽቦ ይሆናል።

ካርባይድ የሚባለው ይኸው ነው? ከጋዝ ብየዳው ካርባይድ ጋር ምን አገናኘው?

ስም እንጂ ሥራ አያገናኛቸውም። ውሃ ሲነካው ጋዝ የሚያወጣው፣ ድሮ በያጆች በበርሜል የሚጠቀሙበት ድንጋይ ካልሲየም ካርባይድ ነው። የሚያወጣው ጋዝ አሲታይሊን ይባላል፤ እሳት ካገኘው ይፈነዳል።

የመሣሪያ ጫፍ ላይ ያለው ተንግስተን ካርባይድ ነው። ውሃ ምንም አያደርገውም። የተንግስተንና የካርቦን ውህድ ነው። ዱቄቱ ከትንሽ ኮባልት ጋር ተጨምቆ ይጋገራል፤ ኮባልቱ ቅንጣቶቹን ያያይዛል። በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ ሲወጣ «እንደ አልማዝ» ከሚል ሐረግ ያሳጠሩት ስም ነበር የሰጡት። አልማዝን አያክልም፤ ይጠጋዋል ግን። ሞረድ አይነካውም። መስታወት ይቧጥራል።

ዛሬ በዓለም ላይ ከሚወጣው ተንግስተን ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ለዚህ ነው። ቶርኖ ቤት ገብታችሁ ብረት ሲላጥ ካያችሁ፣ የሚልጠው ጥፍር የሚያክል ቁራጭ ካርባይድ ነው። እስክሪብቷችሁ ጫፍ ላይ የምትሽከረከረው ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ኳስም አብዛኛውን ጊዜ ካርባይድ ናት። ተማሪ በየቀኑ ተንግስተን ይዞ ይማራል ማለት ነው።

የግድግዳ ፑንታዬ አዲስ ሆኖ ለምን ተሰበረ?

ይህን ጥያቄ እኔም በራሴ ኪሳራ ነው የተማርኩት። ደሴ ላይ አንድ ቤት የመስኮት ፍርግርግ ልንገጥም ሄድን። ግድግዳው ብሎኬት፣ ዳርና ዳሩ አርማታ ነው። አብሮኝ የነበረው ልጅ አርማታውን ሲበሳ ፑንታው ድንገት መሄድ አቆመ። ልጁ ጉልበት ጨመረ። ጫፉ ቀላ። ያኔ ልጁ «ይቀዝቅዝ» ብሎ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረው። ጭስስ አለ። መልሶ ሲበሳ ጫፏ ተፈንቅላ ወደቀች። የወደቀችውን ፈልጌ መዳፌ ላይ አስቀመጥኳት። ምስር የምታክል፣ ግራጫ፣ መሃሏ ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያለባት ቁራጭ ናት።

የሆነው ይሄ ነው። የግድግዳ ፑንታ ዘንጉ ተራ ብረት ነው። ካርባይዱ ጫፉ ላይ የተለጠፈችው ያቺ ምስር ብቻ ናት። ካርባይድ ጠንካራ ነው፤ ግን ይሰበራል። ጠንካራና የማይሰበር አንድ አይደሉም። የሸክላ ምጣድ አይቧጠርም፤ ከወደቀ ግን ያው ነው። ካርባይድም ድንጋይ ሲፈጭ ይውላል፤ አርማታው ውስጥ ያለው ፌሮ ላይ ሲጋጭ ግን ጠርዙ ይሸረፋል። እንደዚያ ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሰነጠቃል። ያያዘው ብየዳም በሙቀት ይላቀቃል።

ስለዚህ ለልጆቼ የምለው፦ ፑንታው አልሄድ ካለ አትጫኑት። አውጡትና ቀዳዳውን እዩ። የሚያብለጨልጭ ብረት ከታየ ፌሮ ነው፤ ጥቂት ሴንቲ ፈቀቅ በሉ። በየመሃሉ እያወጣችሁ አቧራውን አራግፉ። በአየር ይቀዝቅዝ እንጂ ባልዲ አታስጠጉት። ድሪሉ ላይ የመዶሻ ምልክት ያለበት ቦታ ለአርማታና ለብሎኬት ነው፤ ለብረትና ለእንጨት መዶሻውን አጥፉት።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ በርካሽ ደርዘን ፑንታ ገዛሁ። ሦስቱ አንድ ቀዳዳ ሳይጨርሱ ደነዙ። ጫፋቸውን በአሮጌ ሞረድ ብሞክረው ተላጠ። ካርባይድ ቢሆን ሞረዱ ተንሸራቶ ይሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልሞክር አልገዛም። እናንተም ስትገዙ አንዱን በሞረድ ሞክሩት፤ ደህና ነጋዴ አይከፋውም።

የአርጎን ብየዳ ተንግስተን ለምን በቀለም ይለያል? የቱን ልግዛ?

ቀለሙ ውስጡ የተጨመረውን ነገር ይነግራችኋል። አረንጓዴ ንጹሕ ተንግስተን ነው፤ ለአሉሚኒየም በኤሲ (አቅጣጫው በሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ሲበየድ የቆየ ምርጫ ነው። ቀይ 2 በመቶ ቶሪየም አለው። ወርቃማና ሰማያዊ ላንታነም አላቸው፤ ወርቃማው 1.5፣ ሰማያዊው 2 በመቶ። ጭማሪው ጫፉ በቀላሉ እሳት እንዲጭርና ሳይበላሽ እንዲቆይ ይረዳል።

ገበያ ላይ በብዛት የሚታየው ቀዩ ነው። ጥሩ ይሠራል፤ አልዋሽም። ግን ቶሪየም ጨረር አመንጪ ነው። ዘንጉን መያዝ ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጋው ስትስሉት የሚወጣው አቧራ ወደ ሳንባ ሲገባ ነው። እኛ ደግሞ በቀን አሥር ጊዜ እንስላለን፤ ያውም በጠባብ ቤት ውስጥ። ስለዚህ እኔ ቀዩን ትቼዋለሁ። ሰማያዊውን ግዙ፤ ለስቴንለስም ለአሉሚኒየምም ይሆናል። ቀዩ ብቻ ከተገኘ አፍና አፍንጫችሁን በደህና ጭንብል ሸፍኑ፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ አትጥረጉት በመጥረጊያ። ወንድሞቼ፣ ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ሳንባ መለዋወጫ የለውም። የካርባይድ ጫፍ ስትስሉም እንዲሁ ነው፤ ኮባልት ያለበት አቧራ ሳንባ ይጎዳል።

አሳሳሉም ለውጥ አለው። ዘንጉን ዲስኩ ላይ በቁመቱ አድርጋችሁ እያሽከረከራችሁ ሳሉት፤ ጭረቶቹ ወደ ጫፉ መሮጥ አለባቸው። በአግድም ከተሳለ እሳቱ ይቅበዘበዛል። የሹሉ ርዝመት የዘንጉን ውፍረት ሁለት እጥፍ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይሁን።

ሹሉ ጫፍ ለምን እንደ ኳስ ይሆንብኛል?

ሦስት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ ገመዱ ተገላብጦ ይሆናል። በዲሲ (አቅጣጫው በማይቀያየር ኤሌክትሪክ) ሲበየድ ቶርቹ፣ ማለትም ተንግስተኑን የሚይዘው እጀታ፣ ኔጌቲቭ ላይ መሆን አለበት፤ ያኔ አብዛኛው ሙቀት ወደምትበይዱት ዕቃ ይሄዳል። ተገላብጦ ከተሰካ ሙቀቱ ተንግስተኑ ላይ ያርፋል። ሁለተኛ፣ ለውፍረቱ አምፔሩ በዝቶ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ጫፉን የቀለጠው ብረት ውስጥ ነክራችሁት ይሆናል። ከተነከረ እንደገና ከመሳል ሌላ መድኃኒት የለውም።

ጫፉ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ከጠቆረ ደግሞ አርጎኑ አልሸፈነውም ማለት ነው። ተንግስተን ሙቀት ይችላል፤ ግሎ አየር ሲያገኘው ግን ይቃጠላል። ስትጨርሱ ቶርቹን ቶሎ አታንሱ። ጋዙ ጥቂት ሰከንድ ይፍሰስበት።

አምፖል ውስጥ ያለው ክር ተንግስተን ነው?

አሮጌው፣ የሚሞቀው አምፖል አዎ። የተቃጠለ አምፖል ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ስትነቀንቁት ሽንሽን የሚለው የተበጠሰው ክር ነው። ያልተቃጠለውን በማጉያ መነጽር ብታዩት ክር ብቻ አይደለም፤ እንደ ስፕሪንግ የተጠመዘዘ ነው፤ አንዳንዱ ተጠምዝዞ እንደገና ይጠመዘዛል። ሲበራ 2,500 ዲግሪ ግድም ይደርሳል። መስታወቱ ውስጥ ኦክስጅን እንዳይኖር የሚደረገው ለዚህ ነው።

ተንግስተን ተሰባሪ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ከእሱ ክር ማውጣት ሰው አቅቶት ነበር። አሜሪካዊው ዊልያም ኩሊጅ ነው በ1910 አካባቢ በጋለበት እየቀጠቀጠ እንዲለመጥና እንዲሳብ ያደረገው።

እናቶች የሚጠይቁኝ ደግሞ «መብራት ሲመጣ ብቻ ለምን ይቃጠላል?» ብለው ነው። ቀዝቃዛ ክር ኤሌክትሪክን ብዙም አይከለክልም። ሲግል ነው ከአሥር እጥፍ በላይ የሚከለክለው። ስለዚህ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ብዙ ኤሌክትሪክ ዘው ይላል። ክሩ በአገልግሎት ብዛት የሳሳበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ይበጠሳል። የመስታወቱን ውስጥ የሚያጠቁረውም ከክሩ የተነነ ተንግስተን ነው። እውነቱን ለመናገር ያ አምፖል ከሚበላው ኤሌክትሪክ 5 በመቶ ግድሙን ብቻ ነው ብርሃን የሚያደርገው፤ ሌላው ሙቀት ነው። ኤልኢዲ ካላችሁ ወደኋላ አትመለሱ።

የመኪና ሃሎጅን መብራትስ?

እሱም ተንግስተን ነው። ውስጡ ያለው ሃሎጅን ጋዝ የተነነውን ተንግስተን ይዞ ወደ ክሩ ይመልሳል፤ ስለዚህ መስታወቱ አይጠቁርም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን በጉም የሚወጣ ሾፌር ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል፦ አምፖሉን ስትቀይሩ መስታወቱን በጣት አትንኩት። የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ከሌላው በላይ ይግልና ይፈነዳል። በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት ያዙት።

ወርቅ ውስጥ ተንግስተን ይከቱበታል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በውጭ አገር የወርቅ ጡቦች ላይ ተገኝቷል። ምክንያቱ ክብደት ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ንጹሕ ወርቅ 19.3 ግራም፣ ተንግስተን 19.25 ግራም ነው። ውሃ ውስጥ ከትቶ መመዘን አይለያቸውም። እርሳስ ቢሆን ወዲያው ይነቃ ነበር።

ለጆሮ ጉትቻና ለአንገት ሐብል ግን አብሽሩ። ጌጥ የሚሠራበት 18 ካራት ወርቅ ክብደቱ ከ15 እስከ 16 ግድም ነው፤ ተንግስተን ቢገባበት ከልክ በላይ ይከብዳል። በዚያ ላይ ተንግስተን እንደ ወርቅ በመዶሻ ተጠፍጥፎ ቅርጽ አይዝም። ወርቅ ሠሪው እሳት ላይ ሲጥለውም ወርቁ ቀልጦ ይፈስና ተንግስተኑ ፍጥጥ ብሎ ይቀራል። ጡብ ወይም ወፍራም ቁራጭ የሚገዛ ሰው ግን ሳያስበሳ ወይም በመሣሪያ ሳያስመረምር ገንዘብ አያውጣ። የላይ ፊቱን መፋቅ ብቻ በቂ አይደለም።

የተንግስተን ቀለበት ጣት ላይ ቢጣበቅ ይቆረጣል?

የሚሸጠው ቀለበት ካርባይድ ነው። ተራ የቀለበት መቁረጫ አይቆርጠውም፤ ማስፋትም አይቻልም። ጣት ካበጠ መፍትሔው መስበር ነው። በሚቆለፍ ፒንሳ ቀስ እያሉ ከየአቅጣጫው ሲያጠብቁት ቀጭ ብሎ ይሰነጠቃል። ዓይን ይሸፈን፤ ፍንጣሪው ስለት ነው። ቢቻል ሐኪም ቤት ይደረግ።

ወሎ ውስጥ ይገኝ ይሆን?

ደላንታ ላይ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ከተገኘ ወዲህ ይህን የማይጠይቀኝ የለም። «ይህ ከባድ ድንጋይ ተንግስተን ይሆን?» እያሉ ጥቁር ድንጋይ ይዘው ይመጣሉ።

የወሎ ደጋ በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ግድም ከመሬት ውስጥ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ የቀዘቀዘበት። ኦፓሉም የተገኘው እሳተ ገሞራ በተፋው አመድና ድንጋይ ውስጥ ነው። የተንግስተን ማዕድን ግን አብሮ የሚኖረው ከግራናይት ጋር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግራናይቱ አካባቢ በሚያልፍ ነጭ የኳርትዝ ጅማት ውስጥ። ስለዚህ ጦሳ ተራራ ላይ ጥቁር ድንጋይ ያገኘ ሰው ያገኘው ባዛልት ነው ብዬ እነግረዋለሁ። ቅር ይላቸዋል፤ እኔም ቅር ይለኛል።

ዋና ዋናዎቹ የተንግስተን ማዕድናት ሁለት ናቸው። ዎልፍራማይት ጥቁርና ከባድ ነው። ሺላይት የሚባለው ደግሞ ፈካ ያለ ነው፤ በጨለማ አልትራቫዮሌት መብራት ሲያርፍበት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ያበራ ሁሉ ግን ሺላይት አይደለም፤ አንዳንድ ኦፓልም ያበራል። በዓለም ላይ ከሚወጣው 80 በመቶ ግድሙን የምታወጣው ቻይና ናት። ዋጋው እዚህ ሲወጣና ሲወርድ ምክንያቱ እዚያ ነው።

ሌላ የት የት አለ?

ራጅ ተነስታችሁ ታውቃላችሁ? ጨረሩን የሚያወጣው ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያርፍበት ሰሌዳ ተንግስተን ነው። ከሚያርፍበት ጉልበት 99 በመቶው ሙቀት ስለሚሆን አብዛኛው ሌላ ብረት አይችለውም። ስልካችሁ ኪስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ የምትንቀሳቀሰው ትንሽ ክብደት የተንግስተን ቅይጥ ናት፤ ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ክብደት ስለምትሰጥ።

የተሰባበረውን ለቁራሌ ልሽጠው?

አትጣሉት። ካርባይድ ተመልሶ ይሠራል፤ በዓለም ገበያም ከተራ ብረት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እኔ የተሸረፉ የቶርኖ ጫፎችና ያጠሩ ዘንጎች በቆርቆሮ ጣሳ አጠራቅማለሁ። ከብረት ውዳቂ ጋር ከቀላቀላችሁት በብረት ዋጋ ነው የሚሄደው፤ ለይታችሁ ያዙት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጦርነቱ ባለፈባቸው ቦታዎች ከባድ ብረት ሜዳ ላይ ያገኙ ልጆች «ተንግስተን ነው ይባላል» ብለው መጥተውብኛል። ጥይት የሚሠራበት ተንግስተን መኖሩ እውነት ነው። ግን ያልፈነዳ ነገር ሚዛን ላይ አይወጣም። አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት፣ በመዶሻ አትሞክሩት። ቦታውን ራቅ ብላችሁ ምልክት አድርጉና ለፖሊስ ተናገሩ። እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞ ብረት ቤቴ የመጣን ልጅ መጀመሪያ ቀስ ብሎ መሬት ላይ እንዲያስቀምጠው ነው የምነግረው። ከዚያ ሁላችንም ወጥተን፣ በሩን ዘግተን እንርቃለን።